ማር የነካው አውራ ጣትና የደቡብ ዋልታ ርስታችን

ለክቡር የዋልታ ባህልና ወዳጅነት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
በረዶው ባለበት

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎን፣ በረዶ ሰባሪ መርከቦችዎንና በሁለቱም የምድር ጫፍ ውርጭ ሲመታቸው የሚያድሩትን ባንዲራዎችዎን በሙሉ ጤንነት እንድታገኝ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከነሐሴ ጭጋግና ከአያቴ ሳል በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የእርስዎን ደህንነት እንኳ ጽሕፈት ቤትዎ በገጹ ላይ ሳያቋርጥ ስለሚነግረን፣ ከገዛ ወንድሜ ደህንነት ይልቅ የእርስዎን አጥርቼ አውቃለሁ፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የኔአለም አበባው እባላለሁ። በጮቄ ተራራ ሥር በሮብ ገበያ የምኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እርስዎ አምና ከትምህርት ቤታችን መርጠው ወደ ደቡብ ዋልታ የወሰዱት፣ “የበረዶው ወጣት አምባሳደር” ብለው የሰየሙትና በአገርዎ ባንዲራ ሥር ጥርሱን እንዲያሳይ ያደረጉት ድረስ አበባው ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትና አባታችን በልጅነታችን ስላረፉ ያሳደጉን አያታችን አያ ታረቀ ናቸው፤ እርሳቸውን ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ንግግርዎ ሳያልቅ ሦስት ጊዜ “አሜን” ያሉት ብዬ ባስታውስዎ ሳያስታውሷቸው አይቀሩም።

የአገርዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቦታ ያልጠራሁት ፈርቼ እንዳይመስልዎ። አያቴ “የጡት አባት በስሙ አይጠራም፣ ነውር ነው” ብለው ስለከለከሉኝ ነው። የጡት አባት ምን ማለት እንደሆነ ከታች አስረዳዎታለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ሆነው ሳለ እስከ ዛሬ የነገረዎ እንደሌለ ተረድቻለሁና።

ደብዳቤዬንም ሰው ሁሉ እንዲያነበው በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ደግሞ በፌስቡክ ማውጣቴ ድፍረት ይዞኝ አይደለም። ከዚህ በፊት ለእርስዎ ብቻ ብዬ የጻፍኩት ወደ ቢሮዎ ገብቶ፣ በየወሩ አንድ ፔንግዊን ያለበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሆኖ ተመለሰልኝ። ስለ ቀን መቁጠሪያውም አመሰግናለሁ፤ የእናንተ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን ያለ ወፍ ከማሳለፋችን በቀር ምንም አልጎደለበትም። ሰው ያየው ደብዳቤ ግን ቀን መቁጠሪያ ሆኖ ለመመለስ ትንሽ ያፍር ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

እነሆ አቤቱታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቬንትሌተሮቹ። በዚያ በሦስት ነጫጭ መኪና በመጡበት ቀን “ለፀሐያማዋ አገር ወዳጆቻችን” የሚል የተለጠፈባቸው ትልልቅ ቬንትሌተሮች አበርክተውልናል። ክቡርነትዎ አፍሪካ ሲባል አሸዋ እንደሚታይዎ ይገባኛል፤ እኔም የእርስዎ አገር ሲባል የሚታየኝ ቀን መቁጠሪያ ነውና አልፈርድብዎትም። ነገር ግን ሮብ ገበያ ጥቅምት ሲገባ ገብሱን ውርጭ የሚያቃጥልባት፣ ጠዋት ጠዋት የጀሪካኑ ውኃ አፉ ላይ የሚጋገርባት አገር ናት። ነፋስ አጥተን አናውቅም፤ ጮቄ መብራት ኖረም አልኖረም ቀንና ሌት ያራግብልናል። አያቴ ቬንትሌተሩን ዞረው ዞረው አይተው “ይህ የሚዞረው ነገር ምን ይፈጫል?” ቢሉ፣ ርዕሰ መምህራችን እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ “ሙቀት” ብለው መለሱላቸው። አያቴም “እንግዲያው እዚህ ጾሙን ያድራል” አሉ። እንዳሉትም አደረ። አሁን አንዱ የርዕሰ መምህሩ ካፖርት መስቀያ ነው፤ በሌሎቹ ላይ የእትዬ ሸጊቱ ዶሮዎች ይሰፍሩባቸዋል። እትዬ ሸጊቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስማቸውን የሚያስነሣኝ ነገር ከዚህ በኋላም ስለሚመጣ ይያዙልኝ።

ሁለተኛ፦ ስለ ፔንግዊኑ። በመስታወት ሣጥን ያመጡልን በጭድ ይሁን በጥጥ የተሞላው ወፍ፣ ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ታስቦ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ስለሌለን ግን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ወላጆችን ይቀበላል። ይህ ወፍ በአገሩ ላይ ያደረሰውን ክርክር ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ ሁለት አድርገው በላኩልን ነበር፣ ግራና ቀኝ እንድንይዝ። ሽማግሌዎቻችን በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰብሰብ ብለው፣ ይህ ፍጡር በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን አነሱ። የሚያርድላቸውም የሚያቀርብላቸውም እንደሌለ ማንም አላሰበም። አንደኛው ወገን ባሕር ውስጥ ስለሚኖር ዓሣ ነው አለ። ሌላው ላባ አለው፣ ዶሮ ነው አለ። ከዲማ ተምረው የመጡት መሪጌታ አስማማው በመጨረሻ ብድግ ብለው፣ “ክንፍ አለው አይበርም፤ ይዋኛል ዓሣ አይደለም፤ ልብሱ የካህን፣ አካሄዱ የሰካራም ነው። እንዲህ ያለውን ፍጡር መብላት ሳይሆን መምከር ነው የሚገባው” ብለው ፈረዱ። ጉባኤውም በደስታ ተበተነ። እኔም ሳቄን የማካፍለው ሰው ፈልጌ ዞር ስል፣ ድረስ የሚቆምበት ቦታ ላይ የተሞላው ወፍ ብቻ ቆሞ አገኘሁት። ክቡር ሆይ፣ ሰው ወስዶ ወፍ መተካት በየትኛው ሂሳብ እንደሚጣጣም እስካሁን አልደረስኩበትም።

ሦስተኛ፦ ስለ ማሩ። ይህኛው ዋናው ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በዚያው ቀን ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ ጌቾ የተባለው አስተርጓሚዎ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በጣቶቹ እየተራመደ ወደ ሽማግሌዎቹ መጣና “አባቶች፣ የወዳጅነት ባህላዊ ሥርዓት ካላችሁ ለካሜራ አሳዩልን” አለ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሽማግሌዎቹ “ለካሜራ” የሚለውን አልሰሙትም፤ ቢሰሙትም ካሜራ ከምስክር አንዱ ነው ብለው ነው የሚይዙት። ከኮሶው ዛፍ ሥር ገብተው ብዙ መከሩ። ልጁ አባት የለውም፣ ሰውዬው ከሩቅ አገር ድረስ መጥቶ ልጁን ይፈልጋል፣ እንዲያው ባዶውን እንዴት ይሰጣል ተባባሉ። ከዚያም እነርሱ ራሳቸው በልጅነታቸው አንድ ሁለቴ ብቻ ያዩትን፣ ከቀረ ዘመን ያለፈውን የጡት ልጅነት ሥርዓት ከሞተበት አስነሡት። እትዬ ሸጊቱ ማር በቅል ይዘው መጡ። እርስዎም አውራ ጣትዎን ማር ውስጥ እንዲነክሩ ተነገረዎ፤ ነከሩ። ድረስም ተንበርክኮ ጠባ።

በእኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ማር የነካ አውራ ጣቱን ያጠባ ሰው አባት ነው። ይህ ምሳሌ ወይም ጭፈራ አይደለም። የጠባው ልጅ ከአጥቢው ልጆች ጋር ወንድምና እህት ይሆናል፣ አይጋቡም፣ አይካሰሱም፤ አጥቢውም ልጁ ቢታመም ያስታምማል፣ ቢከፋው ያባብላል። አያቴ ይህንን ሁሉ በሽማግሌዎቹ ስም ቆመው ነገሩዎት፤ በመጨረሻም “አሳዳጊው ልጄን አምጡልኝ ባለ ጊዜ ይዘውት ይመጣሉ፣ እምቢ ቢሉ ማሩ ይፍረድብዎ” ብለው አስማሉዎት። አስተርጓሚዎ ይህን ያህል ቃለ መሐላ ሰምቶ ለእርስዎ ያደረሰው ከሁለት ቃል አይበልጥም ነበር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም “መልካም ዕድል” ሲባል አውቃለሁ። ድረስና እኔ ተያይተን ሳቃችንን በነጠላ አፈንነው፤ ያን ጊዜ አስቆን ነበር።

እርስዎም ራስዎን ነቅንቀው “እጅግ ያማረ ነው፣ ግን ብርሃኑ ጥሩ ስላልነበረ አንድ ጊዜ ይደገም” አሉ። ተደገመ። የሽማግሌዎቹ ፊት እንዴት እንደተለወጠ እርስዎ አላዩም፤ ካሜራው የዞረው ወደ እርስዎ ነበርና። በድምሩ የአንድ ሰው ጥርስ የማይሞላቸው ሽማግሌዎቻችን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከመካከላቸው አቶ ደመላሽ “ሁለቴ ያጠባ ከወላጅ ይበልጣል፣ ይህ ሰው እንዴት ያለ ልጅ ወዳድ ነው!” ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ። እኔ በሽማግሌዎቹ ላይ ብስቅም ሕጋቸውን ላፈርስ አልችልም። እርስዎ ለፎቶ ያደረጉትን እነርሱ ለነፍሳቸው ነው ያደረጉት። ስለዚህ ድረስ በእርስዎ መዝገብ የአንድ ዓመት አምባሳደር ሊሆን ይችላል፤ በሮብ ገበያ መዝገብ ግን የእርስዎ ልጅ ነው፣ ያውም ድርብ።

አራተኛ፦ ስለ ርስቱ። ልጅ ካለ ርስት አለ። ስለዚህ ከማሩ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ የአባት መሬት ሲነሣ ማንም ጎጃሜ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ “እዚያ በረዶው አገር ተዋሳኝዎ ማነው? በምሥራቅ ማን ነው? በምዕራብስ?” አሉ። ክቡርነትዎ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደ ጥምቀት ቀን ደስተኛ ነበሩ፤ ይህን ጊዜ ግን ፊትዎ ጠቆረ፣ ጌቾንም ሳይታመም ሳል ያዘው። ከዚያም “በረዶው የማንም አይደለም፤ እኛ የምንጠብቀው ለሰው ልጅ ሁሉ ብለን ነው” ሲሉ መለሱ። አያቴ ወደ ቤት እስክንደርስ ሳቃቸውን ማቆም አልቻሉም። “እኔም የአጎቴን ማሳ የጀመርኩት እንዲሁ ብዬ ነበር፤ የማንም አይደለም፣ እኔ ከብት እንዳይገባበት እየጠበቅሁት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት አረስሁት” አሉን።

የታሪክ መምህራችን ኋላ እንዳስረዱን ይህ “ለስላሳ ኃይል” ይባላል። የክፍሉ ግማሽ የሚጠጣ መስሎት ነበር። ጠብመንጃ ሳይሆን ስጦታ፣ ትምህርት ዕድል፣ ዘፈንና ፈገግታ ይዞ መሄድ፤ ሰው ወድዶ እንዲከተልህ፣ በስብሰባ ላይ ስለ አንተ እጁን እንዲያወጣ ማድረግ ነው አሉን። በዋልታዎቹ ጉዳይ በየዓመቱ ትልልቅ ስብሰባ እንዳለ፣ እዚያም በረዶ አይቶ የማያውቅ አገር ልጅ በባንዲራዎ ሥር ቆሞ የሚስቅበት ፎቶ ከብዙ ንግግር እንደሚበልጥ ጨምረው ነገሩን። እኔ የሚገርመኝ ስልቱ አይደለም፤ አያቴም እህል ሲያበድሩ ፈገግ ብለው ነው። የሚገርመኝ ፈገግታውን ከእኛ ቤት መውሰድዎ ነው። እኛ ቤት የነበረው አንድ ብቻ ነበር።

በነገራችን ላይ አቶ ደመላሽ ድረስን ከዋልታው የሚደርሰውን ድርሻ ለማስመዝገብ ወደ ቀበሌ ሄደው ነበር። የመሬት ሠራተኛው ቦታው በየትኛው ጎጥ እንደሚገኝ ስላልገለጹለት ለጊዜው አቆይቶታል። ጎጡን ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።

አምስተኛ፦ ስለ ዝምታው። እዚህ ላይ ቀልዴ ቢያጥርብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ድረስ ሲሄድ የገባልን ቃል፣ የዋልታው ጨለማ ሳይገባ በሚመለሰው የመጨረሻ መርከብ ተሳፍሮ ለፋሲካ እንደሚደርስ ነበር። አያቴ በግ ከጓዳ አስረው ቀለቡት። በጉ እኛን ሳይለምድ ፋሲካ ደረሰ፤ መርከቡም ደረሰ፤ ድረስ አልደረሰም። በምትኩ በጽሕፈት ቤትዎ ገጽ ላይ በስሙ የተጻፈ ንግግር ወጣ። “የጤፍ ማሳችንና በጓሯችን ያለው የቡና ዛፍ ይናፍቀኛል፤ ይሁን እንጂ ወዳጅ ሕዝብ ከጎኔ ስላለ በገዛ ፈቃዴ ክረምቱን በበረዶው ላይ ለማሳለፍ ወስኛለሁ” ይላል። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ቤታችንን ሞላው። እኔ ግን አንብቤ እንደጨረስሁ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥሁት።

ክቡር ሆይ፣ ሮብ ገበያ ጤፍ አይበቅልባትም። ቡናውማ ብንለምነው እንኳ አይበቅልልንም። እኛ ገብስና ድንች ነን። ድረስ ከተወለደ ጀምሮ በእጁ የጤፍ ማሳ አርሞ አያውቅም፤ የቡና ዛፍ በዓይኑ ያየው ወደ እናንተ ሲመጣ በመኪና መስኮት ከሆነ ነው። ያንን ንግግር የጻፈው ሰው ኢትዮጵያዊ ምን ይናፍቀዋል ብሎ ከመጽሐፍ ላይ አይቶ የጻፈ እንጂ የአያ ታረቀ የልጅ ልጅ አይደለም። የእኔ ወንድም ናፈቀኝ ቢል የሚናፍቀው በአመድ ውስጥ የበሰለ ድንች፣ የፈረሳችን የቦራ መጥፎ ጠባይ፣ ደግሞም እኔን በገበጣ ማሸነፍ ነው።

ለአያቴ ግን አልነገርኳቸውም። “ፈቃዱ ከሆነ ይሁን፤ ልጅ አባቱ ቤት ቢቆይ ምን ይባላል” አሉ፤ ወደ ውጭም ወጥተው በጉን ፈቱት። ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ ድንች ከአመድ ሲወጣ ትልቁን መርጠው ለብቻ ያስቀምጣሉ። ጠዋት ቀዝቃዛውን እኔ እበላዋለሁ።

በስልክ ሲያገናኙንም ከኋላው ባንዲራ፣ ከባንዲራው አጠገብ ሁልጊዜ የማይስቅ ሰው አለ። ድረስ “ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ናቸው” ይላል። ከዚያ ምስሉ ይቆማል፤ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ሊቋረጥ ነው ስል ይቋረጣል። አንድ ጊዜ ብቻ “ገበጣውን አልነካሽውም አይደል?” አለኝ። የማይስቀው ሰው የአገር ምስጢር መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ተዘጋ።

አልነካሁትም። በሄደበት ጠዋት ጨዋታ ጀምረን ነበር፤ መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ሳንጨርስ ተነሣ። ባቄላዎቹ በየጉድጓዳቸው እንዳሉ ናቸው፤ በላያቸው ላይ ሰፌድ ደፍቼባቸዋለሁ። አንዷን ባቄላ የእትዬ ሸጊቱ ዶሮ ሰፌዱን ገፍታ በላችብኝ፤ በምትኳ ጠጠር አስቀመጥሁ። ሲመጣ “አጭበርብረሻል” ብሎ እንደሚጮህብኝ አውቃለሁ። ያንን ጩኸት እንዴት እንደናፈቅሁት ለእርስዎ መንገር ለእንግዳ ሰው ቁስል ማሳየት ስለሚሆንብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። አያቴ ሲሸኙት የራሳቸውን በርኖስ አልብሰውት ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በገጹ ላይ ባወጣው ፎቶ፣ ያ በርኖስ በጣቢያው አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ተንጠልጥሎ “የሞቃታማ አገር ባህላዊ ልብስ” ተብሎ ተጽፎበት አየሁት። ያን የሚያህል የበግ ጸጉር ተሸክሞ የሞቃት አገር ልብስ መባሉን ለአያቴ ባነብላቸው፣ “ታዲያ ልጁ ምን ለብሷል?” ብቻ አሉ። እርሳቸው እናንተ የላካችሁትን፣ በጀርባው የአገርዎ ዓርማ የተሰፋበትን ጃኬት ለብሰው ይስላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከኋላቸው ስከተል፣ ኤምባሲ በምርኩዝ የሚሄድ ይመስለኛል።

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ ስለ እኔ። በጥቅምት ወር ተመልሰው እንደሚመጡና የበረዶው አምባሳደር እህት የሆንኩትን እኔን “በወንድሜ ዱካ” እንድሄድ እንደመረጡ ርዕሰ መምህራችን በሰልፍ ላይ አነበቡልን። ተጨበጨበ። ሽማግሌዎቹም ወዲያው ከኮሶው ሥር ተቀምጠው ተስማሙ፤ አንድ ልጅ የሰጠ ሁለተኛውን አይነፍግም ተባለ፤ እትዬ ሸጊቱም ከወዲሁ የጮቄ ማር አስቀመጡ። አያቴ ብቻ ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱ። እርሳቸው “አሜን” ሳይሉ ከጉባኤ ሲነሡ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ላይ ለእርስዎ የማልደብቀው ነገር አለ፤ መሄድ አምሮኛል። ሮብ ገበያ ላይ ሁሉም ሰው “የበረዶው እህት” ይለኛል፤ ሁሉም ቀን መቁጠሪያውን ሊያይ ይመጣል፣ ሊቀመጥ የሚመጣ ግን የለም። ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ፔንግዊን ነው። ጭጋጉ ሲወርድ ከደጃፋችን አጥር ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ እኔም ዋልታ ላይ ያለሁ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ድረስ እዚያኛው ላይ መሆኑ ነው። ብመጣ ወንድሜን አገኛለሁ። ብመጣ ግን ያቺን ትልቋን ድንች ጠዋት የሚበላት ሰው አይኖርም፤ አያቴም ሁለት ድንች ለይተው አስቀምጠው ብቻቸውን ያድራሉ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በሁለቴ ባጠቡት ማርና በሽማግሌዎቹ ፊት በገቡት፣ ባይተረጎምልዎም በገቡት ቃል መሠረት፣ አሳዳጊው አያ ታረቀ ልጃቸውን ጠርተዋል። ትናንት ማታ ይህንን ደብዳቤ ሳነብላቸው የጤፉን ነገር ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። “ጤፍ አለ?” አሉኝ። “አዎ አባባ” አልኳቸው። እርሳቸውም “እንግዲያው ልጁ አልተናገረም። ጻፊ። አምጣልኝ ብሎሃል በይው” አሉኝ። ይኸው ጽፌያለሁ። በረዶው ተከፍቶ የመጀመሪያው መርከብ ሲነሣ ድረስን አሳፍረው፣ በርኖሱን ከመስታወቱ አውጥተው በጀርባው ላይ አልብሰው፣ ለጥምቀት ሮብ ገበያ ያድርሱልን። እርስዎም አብረው ይምጡ፤ አባት ነዎትና ከመደብ ላይ እናስቀምጥዎታለን፣ ከአመድ ውስጥ ድንች እናወጣልዎታለን። ፎቶ አንሺውን ግን እዚያው ይተዉት። ብርሃኑ ጥሩ አይሆንም።

ከዚህ በላይ ክቡር ጊዜዎን እንዳልሻማ፣ ዋልታዎቹ ሁለቱም በያሉበት እንዲጸኑልዎ፣ መርከቦችዎ በረዶ እንጂ ልብ እንዳይሰብሩ፣ ፈገግታዎም ከጉንጭዎ እንዳይወርድ እየተመኘሁ፣ ለቬንትሌተሩ፣ ለወፉ፣ ለጃኬቱና ለቀን መቁጠሪያው አንድ በአንድ እጅ እየነሣሁ፣ በማር ሕግ የእርስዎ የጡት ልጅ ልትባል ምንም ያልቀራት፣

የኔአለም አበባው
ሮብ ገበያ፣ ከጮቄ ጭጋግ ውስጥ

ማስታወሻ፦ ወንድሜን ሳይዙ በጥቅምት ለእኔ ብቻ የሚመጡ ከሆነም በአክብሮት እንቀበልዎታለን፤ ማሩ በቅል ተቀምጧል፣ ሽማግሌዎቹም ከኮሶው ሥር ይጠብቁዎታል። እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል ላሳስብዎ የምወደው፣ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ጥርሴ ሙሉ ነው። እባክዎ ከአውራ ጣቶችዎ አብልጠው የሚወዱትን እቤትዎ ትተው ይምጡ።